የጓሳ ዙሪያ

እስቲ ቀረብ፣ ቀረብ በሉ። ጋቢ ያላችሁ ደርቡ፤ የሌላችሁ ካለው ሰው ተጠጉ። የምወስዳችሁ መንዝ ነው፤ ያውም ጓሳ፤ ያውም በኅዳር። በኅዳር ሌሊት እዚያ ጤዛው ሣሩ ላይ እንዳለ በረዶ ሆኖ ያድራል። ብርዱን ንቆ በሸሚዝ የመጣ እንግዳ ጠዋት «እንደምን አደራችሁ» የሚልበት ከንፈር አያገኝም።

እግራችንን ከማንሣታችን በፊት ግን የፈረሱን ነገር ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ዙረቱ አይገባችሁም።

ድሮ ነው። የመጽሐፍ ሰዎች 17ኛውን መቶ ዘመን ይጠቅሳሉ፤ የአገሩ ሽማግሌ ግን «በአቅኚ አባቶቻችን ጊዜ» ብሎ ያልፈዋል። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚዎች ነበሩ። ከፍታው ላይ ያ ሁሉ ሣር ባለቤት ሳይኖረው ተዘርግቷል። እንዴት ይካፈሉት? ገመድ ጣይ የለ፣ ዳኛ የለ። በፈረስ ይሁን ተባባሉ ይላል አፈ ታሪኩ። እያንዳንዱ ፈረሱ እስከቻለው ድረስ ይጋልባል፤ ኮቴው የደረሰበት ወሰን ይሆናል። ጋለቡ። ጓሳም የአስቦ ወገንና የጌራ ወገን ተብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ የልጅ ልጆቻቸውም ርስታቸውን ከዚያ ግልቢያ ሲቆጥሩ ኖሩ። እንግዲህ ይህ አገር የተያዘው ተዙሮ ነው። የተጠበቀውም ተዙሮ ነው፤ እሱን ደግሞ ሸለቆው ውስጥ ስንደርስ የሚነግረን ሰው አለ።

መንዝ ራሱ ዙሪያውን የታጠረ አገር ነው። በደቡብ ሞፈር ውሃ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፣ በሰሜን ቀጨኔ ይከቡታል፤ በምሥራቅ የተራራው ሰንሰለት ይዘጋዋል። መንዝ ተቀምጦ ያጠናው አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» ውስጥ አገሩን የከለለው በእነዚሁ ወንዞች ነው። በውስጡ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር አሉ። የሸዋ መሳፍንት አባት ነጋሢ ክርስቶስ የተነሣው ከዚሁ ነው፤ ዘሩ ወርዶ ወርዶ ምኒልክ ላይ ደረሰ። ይህ የነገሥታት ወሬ ነውና ለሌላ ቀን ይቆየን። የዛሬው የሣር ወሬ ነው።

አዲስ አበባን ለቃችሁ፣ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ ጣርማ በር ትደርሳላችሁ። ጣሊያን ተራራውን በስቶ መንገዱን ወደ ደብረ ሲና ካሳለፈበት ዋሻ ሳትገቡ ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ። መዘዞን ታልፋላችሁ። ከዚያ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ከፍታው እየጨመረ፣ ዛፉ እያጠረ፣ ሰው እየሳሳ ይሄዳል። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ፣ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የሣር አገር ከፊታችሁ ይከፈታል። ጓሳ ማለት እሱ ነው። የአካባቢው ሰው የራሱ ሎጅ አለው፤ እዚያ አደርን እንበል። መሪያችን የሠፈሩ ጎልማሳ ነው፤ ዱላና ባና ይዞ ገና ሳይነጋ በሩን ያንኳኳል። ከእኛ ጋር አንድ የከተማ ልጅም አለ፤ ጫማው አዲስ፣ ጥያቄው ብዙ።

ተነሡ።

መጀመሪያ የምንሄደው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ገደሉ አፍ ነው። መሬቱ እዚያ በድንገት ያልቃል። ከሥር የይፋት ቆላ፣ ከዚያ ወዲያ የአፋር ምድር በጭጋግ ውስጥ ይታያል። መሪያችን «ቁጭ በሉ፤ አትናገሩ» ይላል። ቁጭ አልን። ፀሐይ ጫፏን ስታወጣ ከእግራችን ሥር፣ ከገደሉ ወገብ፣ ማጉረምረም ይሰማል። ጭላዳዎቹ ናቸው። ነብርና ጅብ የማይደርስበት የዓለት እርከን ላይ ተለጥፈው ያደሩት አሁን አንድ ባንድ ይወጣሉ፤ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው፣ ጎረምሶቹ እየተጓተቱ፣ በመጨረሻም ጎፈሩን ያፈሰሰው አውራ። ደረቱ ላይ ፀጉር ያልበቀለበት ቀይ ቆዳ አለ። ወጣ፣ ፀሐይ ሞቀ፣ እኛን አየን፣ ናቀን። ከዚያ ሁሉም ቁጭ ብለው ሣር መንጨት ጀመሩ። ዝንጀሮ ሆኖ ኑሮውን በሣር የሚገፋ ሌላ የለም። በሁለት እጁ እየነጨ፣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ቀኑን ሙሉ ይግጣል፤ ፊቱን ካላያችሁ በግ ነው ትላላችሁ። ከኢትዮጵያ ውጭም በዱር አይገኝም።

የከተማው ልጅ ስልኩን አውጥቶ ሲጠጋ መሪያችን በዱላው አስቆመው። «የእነሱ ነገር እንደ ገብሱ ነው» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ ኋላ ገባን፤ የጭላዳ መንጋ ወደ እርሻ ሲወርድ የአገሩ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ቀኑን ሙሉ ይዋጉታል። እዚህ ላይ «ግሩም ፍጥረት» የሚባለው፣ ታች «ሌባ» ነው። እኔ በሁለቱም አልፈርድም።

አሁን ደግሞ የሚገርመውን ስሙ። መንጋው መካከል አንድ ቀይ ነገር ቀስ ብሎ ሲሄድ ታያላችሁ፤ እግሩ ረጅም፣ አፉ ሹል፣ ጉሮሮው ነጭ። ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ሁሉ ቢቆጠር አዋቂው ከ500 አይበልጥም። ጭላዳዎቹ ውሻ ቢያዩ ጮኸው ወደ ገደሉ ይጠፋሉ፤ እሱን ግን አይተው እንዳላዩ ይሆናሉ። እሱም ሕፃናቱን አይቶ እንዳላየ ይሆናል። ስምምነት አላቸው ልበል? ተመራማሪዎች ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ እነዚህን ጭላዳዎች ተከትለው ውለዋል፤ የቀበሮውንም ነገር ቆጥረው በ2015 እ.ኤ.አ. አወጡት። ቀበሮው ብቻውን ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ 25 ጊዜ ይቀናዋል፤ ጭላዳ መካከል ሆኖ ሲያድን ግን 67 ጊዜ። ምክንያቱን ሲገምቱ፣ መንጋው ሲግጥ አይጦቹን ከጉድጓዳቸው ያስደነግጥለታል፤ ወይም አይጦቹ ከዚያ ሁሉ እግር መካከል የእሱን እግር መለየት ያቅታቸዋል። ስለዚህ ጠላት መስሎ እንዳይታይ ሮጦ አይገባም፤ እያዘገመ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ይገባል። አንድ ጊዜ አንዱ ቀበሮ ሥነ ሥርዓቱን ጥሶ ግልገል ጭላዳ በአፉ ያዘ። መንጋው ተነሣበት፣ ግልገሉን አስጣለው፣ እሱንም አባረረው፤ ተመልሶ እንዳይገባም ከለከለው። ጎረቤት የሆነ ሁሉ ይህን ሕግ ያውቃል።

ከገደሉ አፍ ወደ ሰሜን እንሄዳለን፤ ጅባራው እዚህም እዚያም ቆሟል፤ ጋጋኖ በጨፌው ውስጥ አፉን እየሰካ ይጮኻል። ዕድለኛ ከሆናችሁ አንኮበር ላይ በ1976 እ.ኤ.አ. የተገኘችውን ትንሽ ቡናማ ወፍ ዓለቱ ጥግ ታዩዋታላችሁ፤ ካልሆናችሁ ቁራ አይጠፋም። ጀርባው ላይ ስንደርስ መሪያችን እግሩን ከፍቶ ቆመና «እዚህ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ይጣላል» አለ። አንዱ ጠብታ ወደ ምሥራቅ ይወርዳል፤ በአጣዬና በሮቢ በረባዳው አድርጎ ወደ አዋሽ ይገባና ባሕር ሳያይ አፋር ምድር ላይ ይቀራል። ሌላው፣ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ የወደቀው፣ ወደ ምዕራብ ይወርዳል፤ ወንጪትን ይዞ፣ ጀማን ይዞ፣ አባይ ገብቶ ካይሮን ያያል። የከተማው ልጅ ከውሃ መያዣው ግማሹን ወዲህ ግማሹን ወዲያ አፈሰሰ። ሳቅን፤ ግን ሁላችንም ሳንጠየቅ እግራችንን ከፍተን መቆማችን አልቀረም። ከዚያ ቦታ በሰሜን የግሼ ተራሮች ይታያሉ፤ በምዕራብ ደጋው እየተሸነታተረ ወደ መርሐቤቴና ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርዳል።

እኛም ምዕራቡን ይዘን መውረድ ጀመርን።

መንገዱ በአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው፤ ሽበት የመሰለ ነገር ከቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጭጋግ ጠጥቶ የሚኖር ነው። ከአስታው ስንወጣ ጅረቱን አገኘነው። ላይ ጨፌ ውስጥ ሰምጦ የነበረው ውሃ እዚህ ድምፅ አውጥቷል። ዳርና ዳሩ ላይ ሴቶች እንስራቸውን አስቀምጠው ልብስ ያጥባሉ፤ በጎች ይጠጣሉ። ድንጋይ ከድንጋይ እየረገጥን ተሻገርን፤ አዲሱ ጫማ ውሃ ገባው፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ከማዶ ገብስ ነው። መንዝ ያለ ገብስ አይኖርም። ቆሎው፣ በሶው፣ ዳቦው፣ ጠላው ሁሉ ከእሱ ነው። ሰማዩ ከፈቀደ በበልግም በመኸርም ይዘራል፤ ካልፈቀደ ውርጭ በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። በኅዳር የመኸሩ ገብስ ታጭዶ ነዶው ተከምሯል፤ አውድማው ተለቅልቋል፤ በሬዎቹ ይዞራሉ። አንድ ሽማግሌ መንሽ ይዘው ገለባውን ያገላብጣሉ። ከሩቅ ቆመን «ያብዛው!» አልን። «አሜን፤ ከነጫማችሁ አትግቡ እንጂ ግቡ» አሉን። ጫማችንን አወለቅን።

በሬዎቹ እስኪያርፉ ከክምሩ ጥግ ተቀመጥን። እመቤቲቱ ሰነፍ ቆሎ በሰፌድ፣ ጠላ በዋንጫ ይዘው መጡ፤ እንዝርታቸውን ግን ከእጃቸው አላስቀመጡም፤ የበጉን ፀጉር ለባና ይፈትላሉ። የከተማው ልጅ ሽማግሌውን «አባባ፣ ያ ሁሉ ሣር ላይ ያለው ለምን አልታረሰም?» አላቸው። ሽማግሌው መንሹን አስደገፉና ዋንጫቸውን ተቀበሉ። እንግዲህ ያልኋችሁ ሰው እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ ይዘጋ ነበራ» አሉ። «ቀሮ ነበረው።»

ቀሮ ማለት እንዲህ ነበር። ጓሳ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል፤ ከብት አይገባ፣ ማጭድ አይገባ። ከአስቦ ወገን አንድ፣ ከጌራ ወገን አንድ አለቃ አለ፤ አባ ቀራ ይሉታል። የሚመርጠው ባለርስቱ ነው፤ ተሰብስቦ፣ በአንድ ቃል። ሣሩ ደርሷል አልደረሰም የሚለው አባ ቀራው ነው። ደርሷል ሲል በበጋ፣ ወደ የካቲት ግድም ቀን ይቆረጣል። መጀመሪያ ማጭድ ይገባል፤ ሰው ለቤቱ ክዳን፣ ለገመዱ፣ ለገሳው የሚሆነውን ያጭዳል። ቀጥሎ ከብት ይገባል። ማገዶም ይለቀማል። ዝናቡ ሲበረታ፣ ሐምሌ 5፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት ቀን፣ እንደገና ይዘጋል።

«ማን ይጠብቀዋል?» አለ ልጁ።

«እኛው ነና! አባ ቀራው ያለ ቀጠሮ ይጠራሃል። ዛሬ ዙሩ ካለ፣ ጉልበት ያለው ወንድ ሁሉ ይወጣል፤ ጓሳን ይዞራል። የቀረ ይቀጣል፤ ሣር ሰርቆ የተያዘማ አይነሣ።» ሽማግሌው ይህን ሲሉ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ዓይናቸው ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው ሄዷል።

እመቤቲቱ ግን እንዝርታቸውን አቁመው «የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነውሳ?» አሉ። «እሱንም ንገራቸው እንጂ።»

ሽማግሌው ዝም አሉ። እኔ ልንገራችሁ። ቀሮ የአጽመ ርስት ሕግ ነበር። አጥንትህን ከአስቦ ወይም ከጌራ ካልቆጠርህ ሣሩን ከሩቅ ታየዋለህ እንጂ አታጭደውም። ርስት የሌለው ጭሰኛና የእጅ ሥራ ሠሪ ከአጥሩ ውጭ ነበር። ዛሬ ስለ ጓሳ የሚያወሩ ሰዎች ጥበቃውን ሲያደንቁ ይህን ይዘሉታል፤ መዝለል ግን አይገባም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ ተብሎ ሲታወጅ፣ ያ ከአጥር ውጭ የነበረው ሰው እልል ቢል ማን ይፈርድበታል? ርስት ተሻረ። ከርስት ጋር አባ ቀራ ተሻረ። ከአባ ቀራ ጋር ዙረቱ ቀረ። ጓሳ የሁሉም ሆነ፤ ጠባቂ የሌለው የሁሉም። ማጭዱ ሣሩ ሳይደርስ ገባ፤ ከብቱ ዓመቱን ሙሉ ዋለ፤ ማረሻም ዳር ዳሩን ሞከረው። ሁለቱም እውነት ነው፤ ፍትሕም መጣ፣ ሣሩም አለቀ።

«ያን ጊዜ» አሉ ሽማግሌው፣ «ለቤት ክዳን ስንፈልግ ቁመቱ ከጉልበት አይደርስም።»

ከደርግ በኋላ እንደገና ተሰበሰቡ። አሁን በዘር አልሆነም፤ ጓሳን የሚያዋስኑት ቀበሌዎች ሰው መረጡ፣ ኮሚቴ አቆሙ፣ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ደንብ ጻፉ። የፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ሶሳይቲ የሚባለው የጀርመን ድርጅት ደገፋቸው፤ የክልሉ መንግሥትም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አወቀላቸው። ያደርንበት ሎጅም የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ገቢው ለአካባቢው ሰው እንዲሆን ታስቦ። ሰላም ሲኖር እንግዳው ይመጣል። ሰላም ሲጠፋ ሎጁ ይዘጋል፤ ሣሩ ግን መጠበቁን አይተውም፤ የጥበቃው ወጪም እንግዳ ቀረ ብሎ አይቀርም።

ከዚህ ሁሉ የከበደችብኝ ጥያቄ ግን የእመቤቲቱ ናት። አንገታቸውን ወደ ቤታቸው ቀለበሱ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። «ዝናብ ሲዘንብ ወሬ አያስወራ፣ ሌሊት ብርድ ያወርድ» ብለው አማረሩት፤ ቢሆንም ልጃቸው ከተማ ሠርቶ የላከው ነው፣ ኩራታቸውም ነው። በየመንደሩ ቆርቆሮው የሣሩን ክዳን እያስለቀቀ ነው። ገሳው በላስቲክ ተተክቷል፤ ገመዱም እንዲሁ። ያ ሣር ለአራት መቶ ዓመት ያህል የተጠበቀው ለጣሪያ፣ ለገመድ፣ ለከብት ነበር። «ሣሩን የማይፈልግ ጎረምሳ ለምን ይዞርለታል?» አሉ እማማ። ሽማግሌው «ለከብቱ» አሉ። እመቤቲቱ «ከብቱስ አነሰ» አሉ። ከዚያ በሬዎቹ አረፉና ሽማግሌው መንሻቸውን አነሡ፤ ክርክሩ በዚያው ቀረ። እኔም መልስ ይዤላችሁ አልመጣሁም።

አመስግነን ወጣን። ዙረታችንን ለመግጠም አሁን በደቡብ በኩል መውጣት አለብን። በዚህ በኩል ዛፍ አለ፤ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ባሕር ዛፍ፤ በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ገብቶ እየወጣ እየወጣ መንዝ የደረሰው፤ ቀጥ ብሎ በየቤቱ ጓሮ ቆሟል። ሁለተኛው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ያለው ነው፤ ጥዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው። ከቅጥሩ ውጭ አንድ ጥድ የለም፤ ከቅጥሩ ውስጥ እቅፍ የማይሞላው ጥድ አለ። ሰውየው እዚያ ዛፍ ለመቁረጥ እጁን አያነሣም፤ ታቦቱን ይፈራል። ጓሳ ላይ ታቦት አልነበረም፤ አባ ቀራ ነበር እንጂ። የሸዋውን የወፍ ዋሻ ጫካ ያያችሁ ሰዎች መንዝ ላይ ይህ ብቻ ቀረ ብላችሁ ታዝናላችሁ፤ እኔ ግን ከዚያ ጥላ ሥር ተቀምጬ የጠጣሁትን ውሃ አልረሳውም።

ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ዳገቱ ነው። ትንፋሽ ያጥራል። እርሻው ያልቅና ድንበሩ ይመጣል፤ አንድ እርምጃ ገብስ ቆረን፣ ቀጣዩ እርምጃ ሣር ነው፤ ወገብ የሚደርስ፣ ነፋሱ ሲመጣ ወዲያ የሚተኛ፣ ሲሄድ የሚነሣ። ገላጣ ስንወጣ የጠዋቱ መንጋ ወደ ገደሉ እየተመለሰ ነበር፤ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው፣ አውራው ኋላ ቀርቶ። እኛም ተራ ጠብቀን አሳለፍናቸው።

የከተማው ልጅ በዚህ መካከል አንድ እፍኝ ሣር ነቅሎ ገመድ ይሞክር ጀምሯል። መሪያችን አላየውም። ያየው ሌላ ሰው ነው፤ ከየት እንደመጣ አላወቅንም፤ ጠመንጃውን በትከሻው፣ ባናውን በላዩ ያደረገ የጓሳ ጠባቂ፤ ጎረምሳ ነው፤ እማማ «ለምን ይዞርለታል» ያሉት ዓይነት ጎረምሳ። ሰላምታ ሰጠን፤ ከየት እንደመጣን፣ የት እንደዞርን ጠየቀን፤ ከዚያ በጨዋ ድምፅ ልጁን፦

«ወንድም፣ እሱን አስቀምጠው» አለው።

«ሁለት ዘለላ ሣር ነው እኮ!»

«አልተከፈተም።»

ልጁ ሣሩን አስቀመጠ። ጠባቂው አንሥቶ ብብቱ ውስጥ አደረገው፤ ለማስረጃ ይሁን ለራሱ ገመድ አላወቅሁም። ልጁ ግን አልተወም፤ እየተከተለ «እና መቼ ነው የሚከፈተው?» አለው።

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ አለ» አለ ጠባቂው፣ ዙረቱን እየቀጠለ። «መጥተህ ጠይቅ።»